በሳር ሥር 220 ቮልት አይቀበር

ግቢያቸውን በመብራት ለማስዋብ የሚጠሩኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት የአምፖሉን ቀለም ነው፤ ቢጫ ይሻላል ወይስ ነጭ? በኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራዬን እንደምበላ ሰው ግን ከሁሉ በፊት እንዲወሰን የምፈልገው ሌላ ነው። በአበባው መደብና በሳሩ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ስንት ቮልት ይሸከም? የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የሰው እጅና እግር የሚደርስበት የአትክልት መብራት ሁሉ ባለ 12 ቮልት ይሁን። 220 ቮልቱ በግድግዳና በአጥር ላይ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

በአዲስ አበባ፣ በሰሚት፣ በአያትና በሲኤምሲ አካባቢ ብዙ ቤት ያረፈው በጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የተቀበረበትን ሽቦም አብሮ ይጎትተዋል። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ይህን አይችልም። በአንድ ግቢ አትክልተኛው በባዶ እግሩ ሲያጠጣ «ሳሩ ይነዝረኛል» እያለ ቢናገር፣ መብራቱ ደህና ስለሚበራ የሰማው አልነበረም። ቆፍረን ስናየው ፕላስተሩ ተልጦ መዳቡ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። የመሬት ሽቦ የለው፣ የኮረንቲ ፍሳሽ ሲኖር የሚያቋርጥ ብሬከር የለው። ተራው ብሬከር የሚወርደው መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ሾርት ሲያደርግ ነው፤ ሰውን ለሚገድል ትንሽ ፍሳሽ አይወርድም።

የረጠበ ቆዳ ኮረንቲን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ለዚህም ነው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ ሰው በሚዋኝበት ገንዳ ውሃ ውስጥ ለሚገባ የተለዋጭ ኮረንቲ መብራት ጣሪያውን 12 ቮልት ያደረገው። የግቢያችን ሳር በሐምሌና በነሐሴ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

የሚቃወሙኝ ባለሙያዎች አሉ፤ ክርክራቸውም እውነት አለበት። በ12 ቮልት የመጨረሻው አምፖል ይደክማል ይላሉ። 60 ዋት ጭነት በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 20 ሜትር ቢሄድ 1.4 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህም ከ12ቱ ከአሥር እጅ አንዱን ይበልጣል። በ220 ቮልት ቢሆን የሚቀረው አንድ አሥረኛ ቮልት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ስድስት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች በድምሩ 30 ዋት ብቻ ስለሚፈልጉ ኪሳራው በግማሽ ይወርዳል። ትራንስፎርመሩን ከአትክልቱ መሐል አቅራቢያ ማኖር፣ መስመሩን ለሁለት መክፈል ወይም ወደ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ማደግ ደግሞ የቀረውን ይፈታል። ባለ ቀጥተኛ ኮረንቲ አምፖል ከተመረጠም መብራት ሲጠፋ ከ12 ቮልት ባትሪ ያለ ኢንቨርተር ሊበራ ይችላል። ይህ ለእኛ አገር ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ትራንስፎርመሩ ላይ ግን አይቆጠብ። የ220ውን ጥቅል ከ12ቱ ጥቅል ፈጽሞ የሚለይ መሆን አለበት፤ ካልለየ በ12 ቮልቱ ሽቦ ላይ 220 ሊመጣ ይችላል። ዝናብና የማጠጫ ጎማ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይሰቀል። በ12ቱ በኩልም ፊውዝ ይግባለት፤ ዝቅተኛ ቮልት ሾርት ሲያደርግ ሽቦ አግሎ እሳት ያስነሳልና።

ለረጅም ምሰሶ ወይም ለመኪና በር ሞተር 220 ግድ ከሆነ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ዶማ ከማይደርስበት ጥልቀት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበር። የመሬት ሽቦውና ፍሳሽ ሲኖር የሚያቋርጠው የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም አይቅሩ።

መብራቱን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፤ በዚያ አፈር ላይ ዶማ የሚያሳርፈው፣ ጎማ የሚጎትተውና በባዶ እግሩ የሚሮጠው ግን አትክልተኛው፣ ጥበቃውና ሕፃኑ ነው። እነዚህ ሰዎች ሽቦው የት እንዳለፈ የነገራቸው የለም። ስለዚህ ባለሙያ ሲጠሩ ከአምፖሉ ቀለም በፊት ስለ ቮልቱ ይጠይቁ። የትራንስፎርመሩ ዋጋ ቢበዛብዎት የአምፖሎቹን ቁጥር ይቀንሱ እንጂ በሳርዎ ሥር 220 ቮልት አያስቀብሩ።