ሲሲው ቢገጥም ዳገቱን ይወጣል?

ያገለገለ የናፍጣ ሞተር ፈላጊው ቢበዛ የሚያስገርም አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ደግሞ ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ፕራዶ ያለው ሰው መኪናውን ከመጣል ይልቅ ሞተር መቀየርን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ሞተር እንደ ጎማ በቁጥር ብቻ ተገዝቶ የሚገጠም ዕቃ አይደለም። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ሞተሩ የሞተበት ባለመኪና ሶማሌ ተራ ሲደርስ በቅድሚያ የሚጠየቀው “ስንት ሲሲ ነው?” ተብሎ ነው። ሲሲው ከገጠመ ዋጋ ይጠራል፤ ደላላው ኮሚሽኑን ያሰላል፤ ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ ሽቅብ ይጓዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የገዢው ብቻ ነው። ይህ የግብይት ልማድ ሊለወጥ ይገባዋል።

ለመሆኑ ሲሲ ምን ያህል ይናገራል? ቶዮታ በላንድክሩዘር ላይ የገጠማቸው 1ኤች.ዜድ. እና 1ኤች.ዲ.ቲ. የተባሉት ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ሁለቱም 4,164 ሲሲ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ተርቦ የለውም፤ ሁለተኛው ተርቦ ያለው ሲሆን የናፍጣ አረጫጨቱም የተለየ ነው። በገበያ “ሦስት ሺህ” ተብለው በአንድ የሚጠሩትም እንዲሁ ናቸው። 5ኤል 2,986 ሲሲ፣ 1ኬ.ዜድ.ቲ.ኢ. ደግሞ 2,982 ሲሲ ነው። ልዩነታቸው በቁጥር 4 ሲሲ ብትሆንም 5ኤል ተርቦ የሌለው፣ ፖምፓው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ነው፤ 1ኬ.ዜድ.ቲ.ኢ. ግን ተርቦ ያለውና ፖምፓው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ኮምፒውተሩና የሽቦው ጥልፍልፍ አብሮት ካልመጣ ገዢው የገዛው ብረት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አገሩ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። የጓሳ ሜዳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። በባሕር ጠረፍ ልክ የተስተካከለ ፖምፓ ታርማ በርን አልፎ ሲወጣ ናፍጣውን እንደ ቀድሞው ያፈስሳል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን አይበቃም። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ የነዳጅ ብክነትና የሞተር ግለት ነው። ከ1ኤች.ዜድ. ፖምፓዎች መካከል ከፍታን የሚያካክስ ክፍል ያላቸው አሉ። ባለመኪናው የቀድሞው ፖምፓው እንዲህ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ሳያረጋግጥ ከአሮጌው ሞተር ጋር መሸጥ የለበትም።

“ጉልበት ካነሰው ተርቦ ጨምርበት” የሚለው ምክርም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። የ1ኤች.ዜድ. እመቃ ከ22 ለ 1 በላይ ነው። ለተርቦ ባልተዘጋጀ ሞተር ላይ ግፊት ሲጨመር ቴስታታና ፒስተን ይሰነጠቃል። ወደ መርሐቤቴ የሚሄደውም የራሱ ፈተና አለው። ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ በቆላው ሙቀት ተጭኖ፣ 1,000 ሜትር ያህል ዳገት ይወጣል። በግለት ቴስታታው ይሰነጠቃል ተብሎ ለሚታወቀው 1ኬ.ዜድ.ቲ.ኢ. ደካማ ራዲያተር ይዞ ይህን ዳገት መውጣት ቁማር ነው። እንግዲህ ሞተሩ መርካቶ ላይ ቆሞ “በአንድ ቁልፍ ተነሣ” መባሉ ለመንዝና ለመርሐቤቴ ሰው ምንም ዋስትና አይሆነውም።

ሦስተኛው የመገጣጠሙ ነገር ነው። ከሃይስ ሚኒባስ የወጣ 5ኤል ከሃይሉክስ 5ኤል ጋር ስሙ አንድ ቢሆንም የዘይት ኮፓውና ሱፖርቶው ይለያያል። ከአውቶማቲክ መኪና የወረደ ሞተር ለማርሽ ካምቢዮ የሚሆን ቮላኖ የለውም። ከጃፓን ከወጡት አንዳንዶቹ በ24 ቮልት የሚነሡ በመሆናቸው የኢትዮጵያው መኪና 12 ቮልት ከሆነ ሞተሪኖውና ካንዴላው ሊቀየር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መሐል ሜዳ ላይ ማለዳ ካንዴላው ያልሠራለት የናፍጣ ሞተር በግፊም አይነሣም። እያንዳንዱ ጉድለት ወደ አዲስ አበባ አንድ ምልልስ ነው፤ ለመሐል ሜዳው ሰው አንድ ጉዞ ብቻውን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ የተዘጋበት ባለመኪና የአንዲት ሱፖርቶ ጉድለት ምን ያህል ሥራ እንደምታስፈታ ያውቀዋል።

ከሁሉ የከፋው ወረቀት የሌለው ሞተር ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሞተር ቁጥርን ከመለያዎች አንዱ አድርጎታል። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት፤ ለዚያም ሞተሩ ቀረጥ ተከፍሎበት የገባ ወይም በሕጋዊ መንገድ ከሌላ መኪና የወረደ መሆኑ ይጠየቃል። ዲክላራሲዮን የሌለውን ሞተር የገጠመ ሰው መኪናው ቢሄድለትም ንብረቱ ተበላሽቶበታል። በዓመታዊ ምርመራ ይያዛል፣ ለመሸጥ ይቸገራል፣ ባንክም በዋስትና አይቀበለውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የሞተሩ ብሎክ ደኅና ከሆነ አውርዶ ማሳደስ ቀዳሚ ምርጫ ቢሆን ይበጃል፤ ቁጥሩም ወረቀቱም አይነካምና። ሁለተኛ፣ መቀየር ግድ ከሆነ ገዢው ከሲሲው ይልቅ ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን የሞተር መለያ ከነቁጥሩ ይዞ ይሂድ። ያንኑ መለያ ይግዛ፤ ሌላ ከመረጠ ኮምፒውተሩን፣ ካምቢዮውንና ራዲያተሩን ጨምሮ ሒሳቡን አስቀድሞ ያውጣ። ሦስተኛ፣ ሻጩ መለያውን፣ ቁጥሩን፣ ቮልቱንና ከምን ዓይነት መኪና እንደወረደ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ የዲክላራሲዮኑንም ቅጂ ያያይዝ። አራተኛ፣ የደላላው ኮሚሽን በሁለት ጊዜ ይከፈል፤ ግማሹ ሞተሩ ሲጫን፣ ግማሹ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ሲሰፍር።

ነጋዴዎች “ይህ ሁሉ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል” ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይጨምራል። ዛሬም ቢሆን ወጪው አልቀረም፤ ገዢው በምልልስ፣ በመካኒክና በቆመ መኪና እየከፈለው ነው። ልዩነቱ ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት አለማወቁ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በሞተር ገበያ ግን የሚያፈሰው ሻጩ፣ የሚለቅመው ገዢው ሆኖ ኖሯል። ደረሰኙ ላይ አራት መስመር መጻፍ ይህን ለማስቀረት የሚከብድ ወጪ አይደለም።