ማደን ወይስ ማዳን?! (የአንዲት ላንድክሩዘር ጣጣ፣ ከሶማሌ ተራ እስከ ግሽ ዓባይ)

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ነው። ፖለቲካ የሰለቸው ሰው «ተመስገን፣ ዛሬስ ዐረፍን» ብሎ እንዳይቸኩል። በእኛ አገር መኪናም ፖለቲካ ነው። ማን እንደሚገዛው፣ ለምን እንደሚገዛው፣ ውስጡ ምን እንደሚገጠምለት ካያችሁ፣ አገሪቱ ለማን እንደቆመች ለማወቅ የፓርቲ ፕሮግራም ማንበብ አያሻችሁም።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ ዲያስፖራው ሻንጣውን እየጎተተ በቦሌ ሲጎርፍ በነበረበት ሰሞን አንድ አብሮ አደጌ ከአሜሪካ መጣ። ተወልዶ ያደገው ፍኖተ ሰላም ነው። በባዕድ አገር ሃያ ዓመት ሲኖር ከለመዳቸው ነገሮች አንዱ አደን ነው፤ በፒክአፕ እየዞሩ አጋዘን መተኮስ። «አንድ ደህና የአደን መኪና አደራጅቼ፣ ሕጋዊ ፈቃድ አውጥቼ፣ የውጭ ደንበኞች ይዤ ባሌና አርሲ እወርዳለሁ። በመሐሉም አገሬ ብቅ እያልኩ ቆቅና ጅግራዬን እተኩሳለሁ» አለኝ። እኔም ደላሎቹን ስለማውቅ አብሬው ዞርኩ። ደመወዝ የሌለው ጋዜጠኛ የምሳ ግብዣ እንዴት እምቢ ይላል?

ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ተገዛች። አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ የሚመክረው እሷኑ ነው። ወፍራም ሻንሲ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ጣጣ የሌለባት፣ በአራቱም ጎማ የምትስብ፣ ገጠር ውስጥ ብትበላሽ መካኒኩ በመፍቻና በመዶሻ የሚያስነሳት። ሊብሬው ዞረ፣ ቦሎው ተለጠፈ፣ ማስታጠቁ ተጀመረ። ሶማሌ ተራ ገብተን ያልገዛነው የለም። ፊቷ ላይ ወፍራም ፓራውልት፣ ፓራውልቱ ላይ ከጭቃ የሚጎትት ቪንች ከነካቦው፤ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ፣ እዚያ ላይ ሁለት ትርፍ ጎማና የናፍጣ ጀሪካን፤ ለማቀዝቀዣው ሁለተኛ ባትሪ /ሥጋው እንዳይበላሽ!/። የኋላ ባሌስትራዋም ጭነት እንዲችል ተጠናከረ። ውስጧ ደግሞ በስፖንጅ የተለበጠ ረጅም የጠመንጃ ሣጥን በብሎን ታሰረ። የጠመንጃው ፈቃድ ገና አልወጣም ነበር፤ መኪናዋ ግን ታጥቃ ጨርሳለች። ጉድ በል ጎጃም!

ይህ ሁሉ ሲገጠም ከጎኗ አንዲት ነጭ መኪና ጎማዎቿ ወልቀው በድንጋይ ላይ ቆማለች። በሯ ላይ «አምቡላንስ» የሚለው ጽሑፍ አቧራ ለብሶ ይታያል። መካኒኩን ጠየቅሁት።

«ይቺ ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ክረምት ሳይገባ ነው የመጣችው።»

«ምን ሆና?»

«ኧረ ቀላል ናት ጋሼ፣ የናፍጣ ፓምፑ ነው። በጀት አልተለቀቀም ብለው ትተዋት ሄዱ። ጎማዋንም ለሌላ መኪና ፈቱት።» ከዚያ ወደ እኛ መኪና በመፍቻው ጠቆመ። «ያው እኮ አንድ ናቸው። ሻንሲውም አንድ፣ ሞተሩም አንድ። የሚለያያቸው ውስጣቸው የሚገጠምላቸው ነው።»

የየትኛው ወረዳ እንደሆነች አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በጥር ወር ዓባይ በረሃን ተሻግረን፣ ፍኖተ ሰላም አድረን፣ በቡሬ በኩል ቲሊሊ ደረስን። ከዚያ ዋናውን አስፋልት ትተን ወደ ሰከላ ታጠፍን፤ ወዳጄ አደኑን ከመጀመሩ በፊት ግሽ ዓባይ ጠበል ልጠመቅ ብሎ ተስሎ ነበርና። ግሽ ዓባይን የማያውቅ የለም። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ምንጩን አየን ብለው በዓለም የታወቁባት ሥፍራ ናት። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ ይደርስባታል። ከእሷ ወጥቶ ሐኪም ቤት መድረስ ግን ለባላገሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዳገቱን ስንጀምር ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ገጠሙን። ስምንት ይሆናሉ፤ አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ይቀይራሉ። በቃሬዛው ላይ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምጥ የያዛት ሴት ተኝታለች። ወዳጄ አንድ ቃል ሳይናገር መኪናዋን አዞረ። ማቀዝቀዣውን አውጥተን መንገድ ዳር ጣልነው፤ የጠመንጃው ሣጥን ግን በብሎን ታስሯልና አልነቀል አለ። ምስኪኗን በእሱ ጥግ፣ በጎማና በጀሪካን መሐል አስተኛናት። አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው የመኪናዋን ዕቃ በዓይናቸው ሲለቅሙ ቆዩና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መኪናይቱ የመንግሥት ናት?»

«አይደለም አባቴ። የአደን መኪና ናት።»

«የአደን?» ዝም አሉ። ቆይተው «ለእኛም ተሰጥታን ነበር እኮ፣ ነጭ መኪና። ተሰብራ ለሥራ ሄደች፤ በዚያው ቀረች» አሉኝ።

ሴትዮዋ ተረፈች። ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ሐኪሙ ያለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጥቂት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን…»

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። እኔ በሕግ የሚካሄድ አደን ላይ ጠብ የለኝም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 በፈቃድ ማደንን ይፈቅዳል፤ ደጋ አጋዘንን የመሰለ በዓለም ላይ ከእኛ በስተቀር ማንም የሌለውን እንስሳ ለማደን የውጭ ሰው ዶላሩን ይዞ ይመጣል። ሥርዓት ይዞ ከተሠራበት ይሠራበት። ወዳጄም የገዛው በላቡ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ግለሰብ ለጅግራ ሲል በሁለት ሳምንት ያደራጃትን መኪና፣ መንግሥት የሚያህል ነገር ለወላድ ሲል ፓምፕ ቀይሮ ከድንጋይ ላይ ማውረድ እንዴት ያቅተዋል?

«አገሪቱ ድሃ ናት» ይሉናል። እሺ ድሃ ናት። ታዲያ ድህነቷ የሹማምንቱ ቪ8 ዘንድ ሲደርስ የት ይጠፋል? የጸጥታው ፒክአፕ ጎማ ሲያልቅ «በጀት አልተለቀቀም» ተብሎ በድንጋይ ላይ ሲቆም ያየ ካለ ይመስክር! ከ2003 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ለየወረዳው አምቡላንስ ሲታደል ጭብጨባው እስከ ሰማይ ነበር፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ሥራው ደግ ነበርና። ነገር ግን ቁልፉ ሲሰጥ ካሜራ አለ፣ ጎማው ሲያልቅ ካሜራ የለም። መኪና መግዛት የአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ነው፤ መኪናን ማቆየት ግን የየዕለት ሥራ ነው፤ የየዕለት ሥራ ደግሞ ሪባን አይቆረጥለትም።

ሕዝቡ ራሱ በዕድር አዋጥቶ አንዲት አሮጌ መኪና ይግዛ እንዳይባል፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ የቤት መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎበታል። አሮጌ መኪና ጭሱም አደጋውም ይበዛል መባሉ ሐሰት አይደለም። ግን አዲሱንስ ማን ይችለዋል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። መኪናውም፣ ፓምፑም፣ ጎማውም በዶላር ነው የሚመጣው። የሰከላ ገበሬ ድንቹን ሸጦ ነው በዚህ ዋጋ የሚገዛው?

ይህም ያነሰ ይመስል፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አደኑ ሌላ መልክ ያዘ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና አውታሮች ተናገሩ። ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ወሎ፣ ወገል ጤና ላይ የሆስፒታል አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ቢያንስ አራት ሲቪሎች መገደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘገበ። አምቡላንስ! ያቺ በድንጋይ ላይ ከመቆም የተረፈችው እንኳ ታደነች! ወይ ነዶ!

ጫካ ያላችሁም ብትሆኑ ስሙኝ። የአምቡላንስ ቁልፍ የሚነጥቅ፣ መንገድ ዘግቶ ወላድ የሚያሳድር ማንም ይሁን ማን፣ ሰንደቁ የፈለገውን ያህል ቢያምር አዳኝ እንጂ አርበኛ አይደለም።

ለባለ ሥልጣናቱ ጥያቄዬ አጭር ነው። በየወረዳው ስንት አምቡላንስ በድንጋይ ላይ እንደቆመ ቆጥራችሁ ይፋ አድርጉ። በዚያው ዓመት ስንት ፒክአፕ ለጸጥታ፣ ስንት ቪ8 ለሹም እንደገዛችሁ ከጎኑ ጻፉት። ሁለቱን ቁጥር ሕዝብ ጎን ለጎን ይያቸው። ሌላ አልጠይቅም። «ምስጢር ነው» ካላችሁ ግን ምስጢሩ ራሱ መልስ ነው።

ወዳጄስ? አደኑን ሳይጀምር ተወው። ከግሽ ዓባይ በተመለስን ሰሞን መኪናዋን ወደዚያው ጋራዥ ወሰዳት። ያ መካኒክ የጠመንጃውን ሣጥን ብሎን ፈታ፤ በቦታው የሚታጠፍ ቃሬዛ ገጠመ። ቪንቹም፣ ጎማውም፣ ሁለተኛው ባትሪም እንዳሉ ቀሩ፤ ለበሽተኛም ይጠቅማሉና። ሥራው የወሰደው ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን! ከዚያ ወዲህ የ2015ቱ ክረምት ገብቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ መኪናዋ ወላድ ስታመላልስ ቆየች።

አንባቢ ሆይ፣ «ማደን» እና «ማዳን» ስትጽፋቸው የሚለያያቸው የአንዲት ፊደል አንድ እግር ነው። ሻንሲው አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ ናፍጣውም አንድ። ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ አራት ኪሎ ስንት ዓመት ይፈጅበት ይሆን?

ቸር ያሰማን!