ቱቦው ቦታውን ይዟል?

መተንፈስ ላቃተው ጨቅላ ሕፃን ሐኪሙ በአፉ በኩል ወደ አየር ቧንቧው ቱቦ ያስገባል። የምግብ ቧንቧው ግን ከኋላው ተጠግቶ ይገኛል፤ ቱቦው ወደዚያ ከገባ አየሩ ሳንባ ሳይሆን ሆድ ይሞላል። የጨቅላ ደረት ትንሽ ስለሆነ የሆድ ድምፅ የሳንባ ሊመስል ይችላል፤ በማዳመጫ መስማት ብቻውን አያስተማምንም። የተሻሉት ምስክሮች የልብ ምት መጨመርና ሕፃኑ የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀለም ለውጥ የሚያሳየው አነስተኛ መሣሪያ ናቸው። ልቡ እጅግ በደከመ ሕፃን ላይ ቀለሙ ላይለወጥ ስለሚችል ሁለቱም አብረው ይታዩ። የቱቦውን ጥልቀት ደግሞ ራጅ ያረጋግጣል።

ስለዚህ መሣሪያው ጨቅላ ሕፃናት ቱቦ በሚገባላቸው ክፍል ሁሉ ከቱቦው ጎን ሊቀመጥ ይገባል። ወላጆችም «ቦታውን መያዙ በምን ተረጋገጠ?» ብለው ቢጠይቁ ድፍረት አይደለም፤ መብታቸው ነው።