ያልጠራ ወርቅና ሐሰተኛ ወርቅ፦ ከኩርሙክ አንጻር

በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ የወርቅ ጡብ ተመልሶ መጣ፤ ሲመረመር በወርቅ የተለበጠ ብረት ነበር። ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ወርቅ ውኃ ውስጥ ሲመዘን 52 ግራም ያህል ይቀልላል፤ አንድ ኪሎ ግራም ብረት ግን 127 ግራም ያህል። ሚዛን፣ ክርና አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃሉ። የጎደለው ዕውቀት እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ወርቅ ማረጋገጥ ሲነሣ በአብዛኛው የምናስበው ገዢውን ከአጭበርባሪ ስለ መጠበቅ ነው። ጉዳዩ ከሌላኛው ጫፍ፣ ወርቅ አጥበው ከሚያወጡት የኩርሙክ ሰዎች ወገን ሲታይ ግን መልኩ ይለወጣል።

የደለል ወርቅ ከተፈጥሮው ብር ይቀላቀለዋል። ከመቶ 15 እጁ ብር የሆነ አንድ ኪሎ ግራም ወርቅ በውኃ ውስጥ 58 ግራም ያህል ይቀልላል። ወርቁ ንጹሕ ሆኖ 50 ግራም ነጭ ድንጋይ በውስጡ ቢቀር ደግሞ ልዩነቱ ወደ 68 ይደርሳል፤ ማለትም ድንጋዩ ከብሩ ይልቅ ያሳስታል። ሁለቱም እውነተኛ ወርቆች ናቸው፤ ሻጩም አላታለለም። ስለዚህ ሳይቀልጥ የተመዘነ ወርቅ «ጎደሎ» ቢባል ፍርዱ የችኮላ ነው። በአንጻሩ ተንግስተን ክብደቱ ከወርቅ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ የውኃውን ሚዛን ያልፋል። የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያም የሚያነበው ላዩን ብቻ ነው፤ ከሚሊሜትር መቶኛ ብዙም አይዘልቅም። አንዱ ዘዴ የሌላውን ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ብቻውን አይበቃም።

በኢንተርኔት ታዋቂ ስም ያለው የእጅ ቦርሳ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስፌቱን፣ ገበሩንና የመለያ ቁጥሩን ይመረምራሉ፤ አስመሳዩም ቁጥሩን ጭምር ይገለብጣል። እዚያ ጥያቄው «ማን ሠራው?» ነው። ወርቅ ግን ሠሪ የለውም። እውነተኛነቱ በራሱ ውስጥ ስላለ፣ ሻጩ ባለበት ደግሞ መመርመር ይቻላል፤ ይህ ዕድል ለቦርሳ ነጋዴ የለውም።

ኩባንያዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ያልተጣራ የወርቅ ጡብ ወደ ማጣሪያ ሲልኩ ሻጩም ገዢውም ለየራሳቸው ናሙና ይወስዳሉ፤ ውጤታቸው ከተራራቀ የተቀመጠው ሦስተኛ ናሙና በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይዳኛል። ጥቂት ግራም ይዛ የመጣች ሴት ግን የምትሰማው አንድ ቁጥር ነው። ለዚች ሴት የሱዳን ድንበር ሩቅ አይደለም፤ ሚዛኑን ካላመነች ወርቁ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ጥናት አያሻም።

ለእያንዳንዱ ግራም ገለልተኛ ላቦራቶሪ ይቁም ማለት ቅንጦት ነው። ወርቁ በሻጩ ፊት ይቅለጥ፤ ከቀለጠ በኋላ በአየርና በውኃ ይመዘን፤ ሁለቱም ክብደቶች ከንጽሕናው መጠንና ከተመረመረበት ዘዴ ጋር በደረሰኙ ላይ ይስፈሩ። ክርክር ሲነሣ የሚመረመር ቅንጣትም ታሽጎ ይቆይ። «ሐሰተኛ» የሚለው ቃል በደረሰኝ ላይ የሚጻፈው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ «ያልጠራ» ነው፤ ለእርሱም እንደ ንጽሕናው መጠን ዋጋ ይከፈላል።