ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም



የአንዳችን ኢሜይል ተጠለፈ ሲባል ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፤ "ቶሎ ፓስወርድህን ቀይር!" ይቀየራል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ጠላፊው ገብቶ ሳለ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ወደ ራሱ አድራሻ እንዲተላለፍ ትዕዛዝ አስቀምጦ ከሆነ፣ ፓስወርዱ ቢቀየርም ትዕዛዙ አይነሳም። ከዚያ ወዲያ ተመልሶ መግባት አያስፈልገውም፤ መልእክታችን ራሱ ይሄድለታል። ስለዚህ አካውንት ተመለሰ የምንለው ይህ ትዕዛዝ ተፈልጎ ሲነሳ ነው። በጀመዓ አካውንት ላይ ደግሞ ፍተሻው የኃላፊዎች መደበኛ ሥራ መሆን አለበት እንላለን።

ፎርዋርድ ማድረግ በራሱ ተንኮል አይደለም። ሁለት አድራሻ ያለው ሰው ሁሉንም በአንዱ እንዲያነብ የተሠራ አገልግሎት ነው። ጠላፊው የሚጠቀመውም ይህንኑ ነው። ጂሜይል ወደ አዲስ አድራሻ ማስተላለፍ ከመጀመሩ በፊት የማረጋገጫ ኮድ ይልካል፤ ኮዱ የሚሄደው ግን ወደ አዲሱ አድራሻ፣ ማለትም ወደ ጠላፊው ነው። የመልእክቱ ቅጂ በኢንቦክሳችን እንዲቀር ካደረገ ደግሞ የጎደለ ነገር ስለማናይ አንጠረጥርም።

ይህ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በጂሜይል ላይ አንድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ተጠቃሚው ጂሜይሉን ከፍቶ ሳለ ተንኮል ያለበት ድረ ገጽ ከጎበኘ፣ ሳያውቀው በአካውንቱ ላይ ፊልተር ሊፈጠርበት ይችል ነበር። ጉግል ክፍተቱን በቶሎ ዘጋ፤ አስቀድሞ የተፈጠረ ፊልተር ግን ባለበት ቀረ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ድርጅቶችን ስለዚሁ ዘዴ አስጠንቅቋል። በጠቀሰው አንድ ጉዳይ አጭበርባሪዎች በአንድ የሕክምና መሣሪያ ድርጅት ኢሜይል ላይ የማስተላለፊያ ትዕዛዝ አስቀመጡ፤ ቀጥሎም የድርጅቱን የውጭ አገር አቅራቢ መስለው 175,000 ዶላር ወሰዱ። በሌላው ጉዳይ ትዕዛዙ "ባንክ"፣ "ክፍያ" እና የመሳሰሉት ቃላት ያሉባቸውን መልእክቶች እየመረጠ ያስተላልፍ ነበር።

"ከእኛ ከተማሪዎች ምን ይወሰዳል?" የሚል ይኖራል። የስኮላርሺፕ መልስ፣ የኢንተርንሺፕ ጥሪ፣ የሌሎች አካውንቶቻችን ፓስወርድ መቀየሪያ ሊንክ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ይህን ሊንክ ያገኘ ሰው ሌሎቹን አካውንቶች አንድ በአንድ ሊወስድ ይችላል። በጀመዓው አድራሻ የሚገባው ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። የትራንስፖርት ገንዘብ አጥታ የምትጽፍ እህት፣ ሕመሙን ለአሚሩ ብቻ የሚነግር ፍሬሽማን፣ ስሙ እንዳይነሳ ብሎ ሰደቃ የሚልክ ሰው ይኖራል። መልእክታቸው በእጃችን ያለ አማና ነው። "እኛ የምንደብቀው የለንም" ማለት ለእነሱ መልስ አይሆንም።

ፍተሻው ረጅም ጊዜ አይወስድም። በስልክ አፕ ሳይሆን በምናምነው ኮምፒውተር እንክፈተው። በጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ ሦስት ቦታ እንይ። "ፎርዋርዲንግ" በሚለው ሥር የማናውቀው አድራሻ አለ? "ፊልተርስ" በሚለው ሥር መልእክትን ወደ ሌላ የሚልክ፣ የሚያጠፋ፣ ወይም ኢንቦክስ ሳይገባ የሚያሳልፍ ትዕዛዝ አለ? "አካውንትስ" በሚለው ሥር አካውንታችንን እንዲከፍት የተፈቀደለት ሌላ ሰው አለ? በአውትሉክ "ሩልስ" እና "ፎርዋርዲንግ" የሚሉትን እንመልከት። ስሙ አንዲት ነጥብ ብቻ የሆነ፣ ወይም መልእክትን ማንም ወደማይከፍተው ፎልደር የሚወስድ ትዕዛዝ ካለ በደንብ ይጣራ።

የማናውቀው ትዕዛዝ ከተገኘ መጀመሪያ ስክሪንሾት እናንሳ፤ አድራሻው ማስረጃ ነውና። ከዚያ እናጥፋው፤ ፓስወርዱን እንቀይር፤ ከሁሉም መሣሪያዎች ሳይን አውት እናድርግ፤ የመመለሻ ስልክና ኢሜይሉ የራሳችን መሆኑን እናረጋግጥ፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም እናብራ። መልእክታቸው ሳይወጣ እንዳልቀረ ለምናስባቸው ሰዎችም እንንገራቸው። ማፈር ያለ ነው፤ ግን ዝም ብንል እነሱ ራሳቸውን መጠበቅ አይችሉም።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። የተገኘው አድራሻ ተመርቆ የወጣ ኃላፊ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ይቀለኛል ብሎ ወደ ግል ኢሜይሉ አዙሮት ሳያነሳው ሄዶ ይሆናል። ወደ ሱኡ ዘን አንቸኩል፤ ደውለን እንጠይቀው። ትዕዛዙ ግን በማንም ይሁን በማን መነሳት አለበት፤ አማናው ከኃላፊነቱ ጋር አብሮ ተላልፏልና።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ለራሳችን ነው፦ በየዓመቱ ኃላፊነት ሲተላለፍ ከማኅተሙና ከሒሳብ መዝገቡ ጋር የኢሜይሉም ፍተሻ አስረካቢና ተረካቢ ባሉበት ይደረግ። ሁለተኛው ለዩኒቨርሲቲው አይሲቲ ክፍል ነው፦ ዩኒቨርሲቲው በሰጠን አድራሻ ላይ መልእክት በራሱ ወደ ውጭ እንዳይተላለፍ ይከልከል፤ የሚያስፈልገው ተማሪ አስፈቅዶ ይክፈት። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች በሚያቀርበው የኢሜይል አገልግሎት ይህ ክልከላ ከመነሻው የተዘጋጀ ስለሆነ የተጋነነ ጥያቄ አይደለም። ተማሪው በየሴቲንጉ ብቻውን ከሚፈልግ አንድ አስተዳዳሪ የሁሉንም ቢዘጋ ይቀላል።

እስከዚያው የእያንዳንዳችን ድርሻ በእጃችን ነው። ዛሬ ላይብረሪ ስንገባ ከሁሉ በፊት ሴቲንጋችንን እንክፈት፤ ለዶርም ጓደኞቻችንም እናሳያቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።