ጎበዙን ባለሙያ አለቃ የማድረግ አባዜ

አንድ መሐንዲስ ለዓመታት ድልድይ ሲነድፍ ይኖራል። ሥራው ያምራል፣ ስሙ ይነሳል፤ ስለዚህ ዳይሬክተር ይደረጋል። ባልደረቦቹ «ሹመት ያዳብር!» ይሉታል። ወር ሳይሞላው ጠረጴዛው ላይ የሚቆለለው ንድፍ ሳይሆን የዓመት ፈቃድ ቅጽ፣ የነዳጅ ጥያቄና የቃለ ጉባኤ ረቂቅ ነው። ግማሹን ቀን ስብሰባ ይበላዋል፤ ቀሪውን በየደብዳቤው ኅዳግ ላይ «ለአቶ እገሌ፣ በአስቸኳይ ይታይ» እያለ ሲመራ ያመሻል። መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ነዳፊ አጥቷል። ጥሩ አለቃ ስለማግኘቱ ግን የጠየቀ የለም።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ካናዳዊው ሎረንስ ፒተር ከሬይመንድ ሃል ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው እየተሾመ እየተሾመ የማይችለው ወንበር ላይ ሲደርስ እዚያው ይቀራል ብሎ ብዙዎችን አሳቀ። በ2019 የታተመ ጥናት ግን ቀልዱን በቁጥር ደገፈው። ሦስት ተመራማሪዎች የ131 አሜሪካዊ ኩባንያዎችን የሽያጭ ሠራተኞች መረጃ ሲመረምሩ፣ አለቃ የሚሆነው ብዙ የሸጠው ሆኖ ተገኘ፤ የእሱ የበታቾች ሽያጭ ደግሞ ወረደ። ደህና አለቃ የወጣቸው ቀድሞም ከሌሎች ጋር ተባብረው ይሸጡ የነበሩት ናቸው።

መሐንዲስና ሻጭ አንድ አይደሉም፣ ልክ ነው። የመሐንዲሱ እንዲያውም ይብሳል፤ ከሙያው አምስት ዓመት የራቀ የሶፍትዌር ባለሙያ ሲመለስ ብዙ ነገር አምልጦት ያገኘዋል።

የልማዱ ጠበቆች «ሥራውን የማያውቅ እንዴት ይመራል?» ይላሉ። አለቃ ሥራውን ይወቅ፤ ግን ሥራ አዋቂ ሁሉ አለቃ ካልሆነ የማያልፍለት ለምንድን ነው? በሲቪል ሰርቪሱ የባለሙያ መሰላል ከጀማሪ ይነሳና የሆነ ደረጃ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ጥቅማ ጥቅሙ ከወንበር ጋር ነው። ሹመት እምቢ ያለ ሰውማ «ምን ነካው?» ይባላል።

የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም በ1962 ለዚህ መላ አበጅቷል፦ «ፌሎ» የተባለ፣ ለባለሙያ የሚሰጥ ከፍተኛ ማዕረግ። በፍራክታል ሥራው የሚታወቀው የሒሳብ ሊቅ ቤኖይት ማንደልብሮት በ1974 ይህን ማዕረግ ሲያገኝ ምርምሩን እንዲተው አልተገደደም። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ መምህር ዲን ሳይሆን፣ በማስተማርና በምርምር ሥራው ተመዝኖ ፕሮፌሰር መሆን ይችላል። ይህን አሠራር የሚያውቅ መንግሥት ለድልድይ ነዳፊው ተመሳሳይ እርከን ለመጨመር የሚያንሰው የደመወዝ ስኬል ማሻሻያ እንጂ አዲስ ፍልስፍና አይደለም።