ሰመር ክረምት ነው ወይስ በጋ?

ያጣላችን አንዲት ችግኝ ናት። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ገዝተን፣ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበታችን ላይ አቅፈን፣ የዓባይን በረሃ አሻግረን ደጀን ድረስ ያመጣናት ሂቢስከስ። ሻጩ «በሰመር ነው የምታብበው» ብሎን ነበር። እኛም እንደ ተማረ ሰው ራሳችንን ነቅንቀን ተቀበልን።

እናታችን ግን «ሰመር ደግሞ መቼ ነው?» አለችን።

እስቲ መልሱላት! አንደኛ ደረጃ ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን «ሰመር በጋ ነው» ብለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈዋል። እኒያው መምህር ሐምሌ ሲገባ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ጭቃውን እያቦኩ ዩኒቨርሲቲ ይሄዱ ነበር። የት? ሰመር ሊማሩ! ጉድ እኮ ነው።

እኛ ግን መጽሐፉን አምነን በታኅሣሥ ተከልናት። የደጀን ውርጭ በሳምንቱ ቅጠሏን ለበለበው።

«አንድ ቃል ነው፣ ምን ያንጨረጭራችኋል?» የምትሉን አላችሁ። ቃሉ አንድ አይደለማ! እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ሬዲዮኑ «የጸደይ ወራት ገባ» ይላል። ጋዜጠኝነት ተምረናል የምንለው እኛም ጽፈነዋል፣ አንዋሽም። በባሕረ ሐሳብ ግን ክረምት እስከ መስከረም 25 ነው። ከ26 መጸው ይገባል፤ ከታኅሣሥ 26 በጋ፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። ፈረንጅ በጸደዩ አበባ ስላየ እኛም አደይ አበባን አይተን መስከረምን ጸደይ አልነው። የደጀን ገበሬ በጸደይ የጤፍ ማሳውን ያርሳል እንጂ አደይ አይቀጥፍም።

ወደ አበባችን እንመለስ። ቅጠሏን የምታራግፈው ይህቺ ዓይነት አገሯ ቻይና ነው። ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. የሶርያ መስላው «ሲሪያከስ» አላት፤ ስህተቱም እንደጸደቀ ቀረ (ስም አሳስቶ መጥራት የእኛ ብቻ አይደለም ለካ)። የደቡብ ኮርያ ብሔራዊ አበባ ናት። የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. በዘመተበት አገር ሐምሌና ነሐሴ ዝናብም ሙቀትም አብረው ናቸው። ደጀን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ በሐምሌ ዝናቡ ይኖራል፣ ሙቀቱ የለም፣ ፀሐይዋንም ደመና ይጋርዳታል። ሙቀቱ የሚመጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። አበባው የሚወጣው ደግሞ በዚያው ዓመት ባቆጠቆጠው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ የሚተከለው በዝናቡ መግቢያ፣ የሚገረዘው የካቲት ላይ፣ ውኃ የሚጠጣው እስኪዘንብ ድረስ። ባሕር ዳር ግቢው ሁሉ የሞላው ቅጠሉን የማያራግፈው ቀዩ ሂቢስከስ ሌላ ነው፤ እሱ ውርጭ አይችልም። ሻጩ ይህን ቢነግረን ምን ነበረበት? እሱስ ከየት ያምጣው፣ የሚነበበው ሁሉ ለሌላ አገር ሰማይ የተጻፈ!

ችግኟ በክረምቱ አገግማ አቆጠቆጠች። በየካቲት እናታችን ማንንም ሳትጠይቅ መቀስ ይዛ ወጣች።

«ኧረ እማዬ፣ ልትገድያት ነው?»

«ጌሾውንስ እንዲህ አይደል የምንቆርጠው?»

ግንቦት ላይ ደወለችልን። ነጭ ናት አለች፣ መሐሏ ደም የመሰለ ቀይ።